አማርኛ የሚናገረው ፍላሽ

መብራት ልገዛ ወጥቼ ሼክ አስጠርቼ እገባለሁ ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ በበኩሌ አልጠረጠርኩም። ሰው መብራት ሲገዛ ቢበዛ ቢበዛ አምፖሉ ይቃጠልበታል። የእኔ ግን እንኳን ለሰው ለራሴም ሲነገር አይታመንም። ቆዩማ፣ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ባሌ ጃማ የሀርጌሳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሲማር ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ይዞኝ ወደ አገሩ ገባ። የምንኖረው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ከእናቱ ጋር ነው። አማቴን «ሆዮ» እላቸዋለሁ፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ሆዮ ሦስት ነገር ይወዳሉ። ልጃቸውን፣ በወተት የተፈላ ሻይና ትክክል መሆን። ሻዩ ቢቀር ይቀራል እንጂ ሦስተኛው አይቀርም።

እኔ ደግሞ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። እዚህ አገር ሴቱ ሲሞሸር፣ ሲወልድ፣ ሲመረቅ እንዴት እንደሚያምር ባያችሁ! ግን ፎቶ አንሺው ሁሉ ወንድ ነው፤ እና ያ ሁሉ ማማር ተሸፋፍኖ ይገባና ተሸፋፍኖ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ሴት በሴት የምትነሳበት ስቱዲዮ! ሆዮን ለምኜ የሳሎኑን ግማሽ ተረከብኩ። ያስቀመጡብኝ ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሶፋቸው እንዳይነቃነቅ።

ለብርሃን አላሰብኩም ነበር። መስኮታችን ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ ሀርጌሳ ውስጥ ተርፎ የሚደፋ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ሻርፗን ልታወልቅ እጇን አነሳችና፣ «መጋረጃውን ዝጊው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ያያታል። ዘጋሁት። ፀሐዩ ውጪ ቀረ፣ እኔ ውስጥ ካሜራዬን ይዤ ጨለማ ላይ አፈጠጥኩ። ሴቶቹ የሚመጡት ለመጋረጃው ነው፤ መጋረጃው ካለ ደግሞ ብርሃን የለም። ይህን እንኳ ሳላስብ ነው ስቱዲዮ የከፈትኩት!

ጃማ ቢሮ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ማንኛውም ችግር በሠንጠረዥ ይፈታል ብሎ ያምናል። «መጀመሪያ ሪኳየርመንትሽን ጻፊ፣ ከዚያ ኮምፓሪዞን እንሠራለን» አለኝ። እሱ ሠንጠረዡን እያሰመረ ሳለ እኔ ወጥቼ ሪንግ ላይት ገዛሁ፤ ያን የወንፊት ክብ የሚመስለውን። ኢንተርኔት ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ «ሕይወቴን ቀየረው» ብላ ስትናገር አምኛት ነው። አነጋገሯ አንጀት ይበላ ነበር።

ራሱን ጃማን አስቀምጬ አነሳሁት። ጃማ መነጽር ያደርጋል። ፎቶውን ስናየው ባሌ የለም! በእሱ ሸሚዝ ውስጥ በሁለት ነጭ ቀለበት የሚያፈጥብን ሌላ ፍጡር ተቀምጧል። ሆዮ ተቀብለውኝ ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «የልጄን ዓይን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

«መብራቱ ነው ሆዮ፣ መነጽሩ ላይ አርፎ ነው።»

«ማረፍ ከፈለገ አልጋ አንጥፊለት። የልጄን ዓይን ግን መልሺልኝ።»

ቀጥሎ አንድ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መከረኝ። «ይሄ መጫወቻ ነው። ብርሃን ከሆነ የምትፈልጊው ፓውዛ ግዢ።» ግንበኞች ግድግዳ ሲለስኑ የሚያበሩትን ትልቁን ፓውዛ ገዛሁ። ሲበራ ሳሎናችን የኳስ ሜዳ መሰለ። የሚጋረፍ ብርሃን በነጭ ጨርቅ ይለዝባል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤ ስለነበር ከቁም ሳጥን አንድ ነጭ አንሶላ አወጣሁና ፊት ለፊቱ ወጠርኩበት። ጨርቁ ከመብራቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚለውን ገጽ አላነበብኩም። ግማሽ ዕውቀት ከሙሉ ድንቁርና ይልቅ ቤት ያቃጥላል፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

የሆዮ የእህት ልጅ ሂባ ለኒካሕዋ ፎቶ ልትነሳ ግማሽ ቀን ስትኳኳል ውላ መጣች። ፓውዛው ፊት አስቀመጥኳት። ብዙም ሳይቆይ ቅንድቧ ወደ ጉንጯ ጉዞ ጀመረ። «አላበኝ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ኩሉ ከላይ፣ ሊፕስቲኩ ከመሃል እየወረዱ አገጯ ላይ ሊገናኙ ነው። አፌን ከፍቼ ሳልመልስላት ሆዮ ከጓዳ፣ «የምን ሽታ ነው?» አሉ። ዞር ስል አንሶላው መሃሉ እንደ ዳቦ ቂጥ ቡናማ ሆኖ ይጨሳል! ጎትቼ ጥዬ ስረግጠው ፊውዙ ተቃጠለና ሁሉም ነገር ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ ሂባ ታለቅሳለች፣ ሆዮ ደግሞ በዳበሳ አንሶላውን አግኝተው ይዳስሱታል።

«ይሄ የሙሽርነቴ አንሶላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ስቱዲዮው በቃኝ አልኩ። ጃማ ግን ሠንጠረዡን ጨርሶ ነበርና ከተማ መሃል ካሜራና የካሜራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደኝ። ሻጩ ምንም ሳያሳየኝ ይጠይቀኝ ጀመር። ክፍሉ ስንት በስንት ነው? ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይላል? ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም ነው? የሚነሳው አንድ ሰው ነው ወይስ ቤተሰብ? ደነገጥኩ። ሁለት መብራት እስክገዛ ድረስ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ሲበራ የሚውል መብራት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰውን ያስጨንቃል» አለኝ። «አንድ ፍላሽ ይበቃሻል። ነጭ ጃንጥላ አድርጊበት፣ ከሰውየው ፊት ወደ ጎን ከፍ አድርጊው፣ በሌላው በኩል ነጭ ሰሌዳ አቁሚ። አለቀ።»

አለቀ! እኔ አንሶላ ያቃጠልኩበት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ዘንጉንና ጃንጥላውን ባጃጅ ላይ ጭነን ስንመለስ ሹፌሩ፣ «ድንኳን ነው የምትተክሉት?» ብሎ ጠየቀን። ፍላሹ ራሱ ባለ ባትሪ ነው። ካሜራው አናት ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የምታህል ነገር አለች፤ ትሪገር ይሏታል። ካሜራውን ስጫን እሷ ያለ ገመድ፣ በአየር ላይ «አብራ!» ብላ ታዘዋለች፤ ፍላሹም ቦግ ብሎ ይጠፋል። ሙቀት የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚቀልጥ ቅንድብ የለ። ሂባን እንደገና አነሳኋት። ስታየው አቅፋኝ አለቀሰች፤ ይሄኛው ለቅሶ ደግሞ ያምር ነበር።

ሆዮ ግን በሂባ ለቅሶ አልረኩም። «ሮዳ ትምጣና ትየው» አሉ። ሐጃ ሮዳ የሆዮ አብሮ አደግ ናቸው። የእሳቸው ቃል ከሬዲዮ ይፈጥናል። ሐጃ ሮዳ ወደዱት ማለት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወደደው ማለት ነው። «እሷ ካልወደደችው ሳሎኔን ትመልሺልኛለሽ» አሉኝ ሆዮ። በዚህ ተስማማን።

ሐጃ ሮዳ በቀጠሯቸው ቀን ጠዋት መጡ። መጋረጃው ተዘጋ። ሻርፓቸውን አውልቀው በሒና የቀላ ፀጉራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» ብዬ ተጫንኩ። ፍላሹ ቦግ አለ። ወዲያው ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ የታፈነ የወንድ ድምፅ በአማርኛ፣ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» አለ።

ሐጃ ሮዳ ሻርፓቸውን አፈፍ አድርገው ተጠቀለሉ። «ቤት ውስጥ ወንድ አለ!»

«የለም ሐጃ፣ ወላሂ የለም!»

«ጃማ ሥራ ነው» አሉ ሆዮ፤ ፊታቸው ግን አመድ መስሏል። ክፍሎቹን ከፍቼ ላሳያቸው ካሜራዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ገና እጄን ሳነሳ ፍላሹ ብቻውን ቦግ አለ። ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ የነካው የለም። ደግሞ ቦግ!

«አዑዙ ቢላሂ!» አሉ ሐጃ ሮዳ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከባጃጅ ያወረድናቸው ደግፈን ነበር። ያ ጉልበት በሩን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ፣ ጫማውን ትቶ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁ። ሆዮ ተከተሏቸው። እኔ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ፍላሹ ብቻዬን መሆኔን አይቶ ነው መሰለኝ አንድ ጊዜ ደገመልኝ።

ከዓሱር ሶላት በፊት ወሬው ከተማውን አቋርጦ ሼክ ኑር የሚባለው ሰፈር ደርሶ ነበር። ዞሮ ወደ እኛ ሲመለስ ደግሞ ጂኑ ቁመቱ ጣሪያ ይነካል፣ ዓይኑ እሳት ነው፣ እኔም ከድሬዳዋ በሻንጣ ይዤው ነው የመጣሁት። ቀጠሮ የያዙ ሴቶች አንድ በአንድ እየደወሉ «አሞኛል» አሉ። ጃማ፣ «ዋራንቲ አለው፣ እንመልሰው» ብሎ ፍላሹን ሱቅ ይዘነው ሄድን። ሻጩ ደጋግሞ ሞከረው። ሱቁ ውስጥ እንደ ማር የጣፈጠ፣ ሲታዘዝ ብቻ የሚበራ ጨዋ ሆኖ አረፈው። ሻጩ እኔን በአዘኔታ አየኝ። ይዘነው ተመለስን። ገና ዘንጉ ላይ ሰክቼ ሳበራው፣ ቦግ!

«ጂኑ የተናገረው በአንቺ ቋንቋ ነው» አሉኝ ሆዮ። እራት ላይ ሳይቀር አላዩኝም። እውነት እላችኋለሁ፣ በራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ድሬዳዋ ስወጣ ሻንጣዬን ማን ነበር ያሰናዳው? እያልኩ አስብ ነበር።

በማግስቱ ሆዮ ሼክ አስጠሩ። ሼኩ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳርፉ ሰው ናቸው። ፍላሹ ፊት ተቀምጠው ቁርኣን መቅራት ጀመሩ። ትንሽ እንደቀሩ ፍላሹ ቦግ አለ። ሆዮ ጮኹ። ሼኩ ዓይናቸውን እያሹ ቀርተው ጨረሱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ባትሪ አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«አውጪው።»

አወጣሁት። ተቀመጥን። ጠበቅን። ምንም የለም።

«ጂን ባትሪ አይፈልግም» አሉ ሼኩ።

ሆዮ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ድምፁስ? በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በአማርኛ ተናግሯል!»

ሼኩ ጢማቸውን ዳበሱና ወደ እኔ ዞሩ። «አማርኛ ትችያለሽ አይደል? እንግዲያው ጠይቂው።»

ባትሪውን መለስኩት። ካሜራውን ተጫንኩ፤ ፍላሹ ቦግ አለ። ከግድግዳው ውስጥ ያው ድምፅ፣ «ዛሬም?! ኧረ ምን በደልኩ!» አለ። ሆዮ የሼኩ ጀርባ ገቡ። እኔ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና ያለኝን ድፍረት ሁሉ ሰብስቤ፣ «ማነህ አንተ?» አልኩ።

ከዚያ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አለ ግድግዳው። «አንቺ ማነሽ?»

«ቀድሜ የጠየቅኩህ እኔ ነኝ! ከዚህ ቤት ምን ትፈልጋለህ?»

«እኔ? እኔ ምንም አልፈልግም! ጉርድ ፎቶ ነው የማነሳው!»

ዞሬ ለሼኩ ተረጎምኩላቸው። «ጉርድ ፎቶ ነው የማነሳው ይላል።» ሼኩ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ የፈሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

አራት ሆነን፣ ያን ቀን ሥራ ሳይሄድ የቀረውን ጃማን ጨምረን፣ በወዲያኛው መንገድ ዞረን ሄድን። የሳሎናችን ግድግዳ ጀርባ ላይ፣ በሩ ወደ ሌላው መንገድ የሆነች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ስንገባ ላብ ያጠመቀው፣ ሰላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው መስቀሉን በእጁ ይዞ ግድግዳውን ያያል። አጠገቡ፣ ጃንጥላ ለብሶ፣ የእኔ ፍላሽ መንትያ ቆሟል።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ ግድግዳው ውስጥ የነበርሽው?» አለኝ።

ጌታሁን ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነው። ሱቋን ከተከራያት ገና ሳምንቱ ነው፤ ፍላሹን የገዛውም ከእኛው ሻጭ ነው። ሰው አስቀምጦ ሊያነሳ ሲል፣ ሳይነካው ፍላሹ ፊታቸው ላይ ይፈነዳል፤ ደንግጠው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እሱም ደንግጦ ይጫናል። ግድግዳው ላይ የለጠፋቸውን ፎቶዎች አሳየን። የተጨፈነ ዓይን፣ የተከፈተ አፍ፣ አንዱማ ከፎቶው ውስጥ ግማሹ ወጥቷል። «ፓስፖርት ክፍል ይመልሷቸዋል፣ እነሱ ደግሞ እኔን ሊደበድቡ ይመለሳሉ» አለ። «እዚህ ጠበል ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ነው አንቺ የተናገርሽው።»

ጃማ ይዤው ከመጣሁት ካሜራ ላይ ትሪገሬን ነቅሎ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቁጥር የሚታይባቸውን ትንንሽ መስኮቶቻቸውን አየ። «የእሱ ቻናል አንድ ላይ ነው» አለ። «የአንቺም አንድ ላይ ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሆዮ።

ሼኩ ቀደሙት። «አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አሕመድ ቢኖሩና አንዱ ሲጠራ ሁለቱም አቤት ቢሉ፣ ጂን ነው እንዴ?»

እኔ ስጫን የጌታሁን ይበራል፣ ጌታሁን ሲጫን የእኔ ይበራል! ጃማ በአውራ ጣቱ አንዲት ቁልፍ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ የእኔን ቻናል ሦስት ላይ አደረገው፤ ቤት ስንገባ ፍላሹንም እንዲሁ። በቃ። ሐጃ ሮዳን በባዶ እግራቸው ያስሮጠው፣ እኔን ከድሬዳዋ ጂን ጫኝ ያስባለው ነገር የሁለት ንክኪ ሥራ ነበር። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሼኩ ግን መጥተው በከንቱ አልተመለሱም፤ የመታወቂያ ፎቶ ያስፈልጋቸው ነበርና ዓይናቸውን ከፍተው ተነሱ።

ቀሪው ሐጃ ሮዳን ማሳመን ነበር። ሆዮ ራሳቸው ሄዱ። ተሳስተን ነበር እንደሚሉ ጠብቄ ነበር። ሲመለሱ፣ «ነገርኳት» አሉኝ በኩራት። «ጂኑ ክርስቲያን ነው፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ክፉ ሰው አይደለም አልኳት።»

ሐጃ ሮዳ በሦስተኛው ቀን መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ማንንም አላስከተሉም። ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ፣ ፍላሹን እንደ ሰው ሰላም አሉት፣ ተቀመጡ። ጃንጥላውን ወደ ጎን ከፍ አደረግኩ፣ ነጩን ሰሌዳ አቆምኩ፣ ተጫንኩ። ግድግዳው ዝም አለ። ካሜራውን ይዤ ሄጄ ፎቶውን አሳየኋቸው።

ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያዙት። ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ማንበብ አቃተኝ፤ ሳሎኑ ሄደ አልኩ።

«ይህቺ እኔ አይደለሁም» አሉ።

«ሐጃ፣ ካልወደዱት እንደገና...»

«እናቴ ናት።»

ሆዮ ከሶፋቸው ተነስተው መጡ። ከሐጃ ሮዳ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወላሂ ሮዳ፣ እሷው ናት» አሉ። ያኔ ነው ሐጃ ሮዳ የነገሩኝ። ሀርጌሳን ባወደማት ጦርነት ጊዜ ቤታቸው ከነዕቃው ሲቃጠል የእናታቸው ፎቶ አንድ እንኳ አልተረፈም። መልኳ ዓመት በዓመት እየራቀባቸው፣ በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲፈልጉት ማምጣት አቅቷቸው ነበር። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ በጣታቸው ጫፍ የዓይኑን ሥር፣ የጉንጩን አጥንት፣ የአገጩን መስመር እየተከተሉ፣ «ይሄ ሽብሽብ የእሷ ነው፣ እንዳታጠፊው» አሉኝ። ድንጋጤ ዓይነቱ ብዙ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሐጃ ሮዳ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና ካሜራውን መለሱልኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀና ብለው፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተስተካከሉ።

«ያቺ የእሷ ናት» አሉኝ። «አሁን ደግሞ የእኔን አንሺኝ።»